«ቀላል ሙስ» ወይስ ሆድ የማይከብድ ሙስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። በክሬም ፋንታ አይብ እያስገባሁ ቤት ውስጥ የቸኮሌት ሙስ የሚባለውን ጣፋጭ እሠራለሁ። ዘመዶቼ አሠራሩን ጻፊልን ስላሉኝ በአማርኛ ጻፍኩት። ርዕሱን «ቀላል የቸኮሌት ሙስ በአይብ» አልኩት። አክስቴ አንብባው «ይኼ ሁሉ ሥራ ምኑ ነው ቀላል?» አለችኝ። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ የጻፍኩትን ተከትላ ስትሠራ ቸኮሌቱ ጓጎለባት። የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ቸኮሌቱን አሟሙት፤ አይቡን ምቱት፤ የእንቁላሉን አረፋ ጨምራችሁ እጠፉት።» ስህተቱ የቋንቋ ነው ወይስ የእጅ?

መልስ፦ እህቴ፣ የቋንቋ ነው። ጓደኛዎ ያነበበችውን ነው የሠራችው። የምግብ አሠራር ሲጻፍ ግሱ እጅን ያዛል። ግሱ ከተሳሳተ እጁም ይሳሳታል።

ከርዕሱ ልጀምር። አክስትዎ ልክ ናቸው። «ቀላል» ሁለት ነገር ይሸከማል፤ አንዱ የማያስቸግር፣ ሌላው የማይከብድ። «ከባድ»ም እንደዚያው ነው፤ ፈተናም ከባድ ነው፣ ድንጋይም ከባድ ነው። «ቀላል ሥራ» ወይም «ቀላል ሻንጣ» ስንል ተከታዩ ቃል ይለይልናል። ምግብ ላይ ሲሆን ግን ሁለቱም ትርጉም እኩል ያስኬዳል። «ቀላል ምግብ» ያለ ሰው በአሥር ደቂቃ የሚደርስ ማለቱም ሊሆን ይችላል፣ ሌሊት ቢበሉት የማያስጨንቅ ማለቱም። «ቀለል ያለ» ማለት ትንሽ ይረዳል፤ ነገሩን አይጨርሰውም። ሰው ከማዕድ ሲነሳ «ከበደኝ» ይላል አይደል? እንግዲያው ርዕስዎ ያንኑ ቃል ይያዝ፦ «ሆድ የማይከብድ የቸኮሌት ሙስ፣ በአይብ»። ማንም አይሳሳትበትም።

«ሙስ» የሚለው ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ በቋንቋው አረፋ ማለት ነው። እንዳለ መጻፉን እደግፋለሁ። ሰው የለመደውን ስም ማባረር አይጠቅምም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከ«ሙዝ» የሚለየው በአንድ ፊደል ነው። ዓይን ቶሎ ሲያልፍ «የቸኮሌት ሙዝ» ብሎ ያነባል። መጀመሪያ ሲጠቅሱት «በማንኪያ የሚበላ፣ አረፋ ያለው ጣፋጭ» የምትል ሐረግ ያስከትሉለት።

አሁን ወደ ዋናው። «አሟሙት» ነው ጓደኛዎን ያሳሳታት። በአማርኛ ጨው በውሃ ይሟሟል፣ ስኳር በሻይ ይሟሟል። መሟሟት ሁልጊዜ ፈሳሽ ይፈልጋል። ቅቤና ሰም ግን ይቀልጣሉ፤ ለእነሱ ሙቀት ብቻ ይበቃቸዋል። ቸኮሌትም ከእነሱ ወገን ነው። «አሟሙት» ያነበበች ሴት ጠብታ ውሃ ብትጨምር አይፈረድባትም። የቀለጠ ቸኮሌት ደግሞ ጥቂት ውሃ ሲነካው ወዲያው ይጓጉላል፤ ውስጡ ያለው የስኳርና የካካዎ ደቃቅ ውሃውን ይዞ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስለዚህ «አቅልጡት» ይበሉ። እንዴት እንደሆነም ይጨምሩበት፦ ድስት ውስጥ ትንሽ ውሃ ይሙቅ፣ ቸኮሌቱ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ከላይ ይቀመጥ፣ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን አይንካ፣ እንፋሎትም አይግባበት።

«አይቡን ምቱት» የሚለውም አይሆንም። የሚመታ እንቁላል ነው። ሲመታ አየር ይይዛል፣ ያብጣል። አይብ ቢመቱት አየር አይዝም፣ ይፈረፈራል እንጂ። አይቡ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ያ የአሸዋ ዓይነት ሸካራነቱ መጥፋት አለበት። ለዚህ «ማላም» የሚባል የታወቀ ግስ አለን። የላመ ዱቄት፣ የላመ የጣመ ምግብ እንላለን። «አይቡን ከወተት ጋር በጁስ መፍጫ እስኪልም ፍጩት» ብለው ይጻፉ። ምልክቱንም ይንገሯቸው። በሁለት ጣት መሐል ወስደው ሲያሹት ቅንጣት የማይሰማ ከሆነ ልሟል። ቅንጣት ከተሰማ መፍጫው ይቀጥል። አሁን ሸካራ የሆነ አይብ ቸኮሌት ከገባበት በኋላ አይለሰልስም።

አይቡ ራሱ ለምን ሆድ እንደማይከብድ ማወቅ ከፈለጉ አሠራሩ ይነግርዎታል። እርጎው ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አሬራ ለስለስ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል። ሳይንተከተክ፣ ሳይማሰል፣ ቀስ እያለ ይቋጠራል። ነጩ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይለያል። ከዚያ ይንጠፈጠፋል። ስቡ በአብዛኛው አስቀድሞ በቅቤው ሄዷል። ለመመታት የሚሸጠው ክሬም ግን ከመቶ 35 እጅ ገደማ ስብ ነው። «መናጥ» የሚለውን ግስም እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ክሬም ከልክ በላይ ሲመታ ቅቤ ይሆናል፤ ያኔ «ተመታ» አንልም፣ «ተናጠ» እንላለን። ጎጃም ውስጥ ወተት የሚያልብ ቤት ያደገ ሰው ይህን ልዩነት ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

ውጭ አገር ላሉ ዘመዶችዎ ከላኩት አንድ መስመር ያክሉ። እነሱ ሱቅ የሚያገኙት ኮተጅ ቺዝ የአይብ ዘመድ ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ጨውና ክሬም አለበት፣ እርጥብም ነው። ያንን ሳያንጠፈጥፉ ከተጠቀሙ ሙሱ አይረጋም። የእኛው ደረቅ ስለሆነ በተቃራኒው ወተት ይፈልጋል። ባሕር ዳር ላሉት ደግሞ «ቺዝ» ብለው አይጻፉላቸው። ሱቅ ሄደው ፎርማጆ ይገዛሉ። «አይብ» በቂ ነው። «ለጋ፣ ቅመም ያልገባበት» የሚለውን ግን አይርሱ፤ ጎጃም ቅመም ገብቶበት ረጅም ጊዜ የሚቆይ አይብም አለና። ጤና አዳም የሸተተ አይብ ከቸኮሌት ጋር አይስማማም። በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ የተናጠ ከሆነ ግን ጢሱ ቸኮሌቱን አይጎዳውም፤ እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

«እጠፉት» ይቅር። ጋቢ ይታጠፋል፣ ወረቀት ይታጠፋል፣ መንገድም ይታጠፋል። አረፋ ግን አይታጠፍም። እርስዎ የፈለጉት አረፋው ሳይጠፋ ሁለቱን ማገናኘት ነው። «ማማሰል» ቢሉ ደግሞ የወጥ እጅ ይመጣል፤ እየዞረ አረፋውን ይጨርሰዋል። የሚሻለው «ከሥር ወደ ላይ በቀስታ እያገላበጣችሁ ቀላቅሉት» ነው። ረዘም ይላል፤ ይርዘም። ትክክለኛው እንቅስቃሴ በአንድ ቃል ካልተነገረ በአምስት ቃል መናገር ምንም ነውር የለውም።

«ኩፍ እስኪል» የሚልም ሌላ ቦታ አይቻለሁ። ኩፍ የሚለው እርሾ ያለው ሊጥ ነው። ሙስ ብርድ ውስጥ ይረጋል፤ እንደ እርጎ «እስኪረጋ» ይበሉ።

«ጨምሪ» ልበል ወይስ «ይጨመራል» ብለው እንዳይጨነቁ፣ «ጨምሩ» ይበሉ። ወንዱንም ሴቱንም ይይዛል፤ አክስትንም አያስቀይምም።

እንግዲህ የእርስዎን ጽሑፍ እኔ ባርመው እንዲህ ይሆናል፦

«100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት በሙቅ ውሃ እንፋሎት ላይ አቅልጡ፤ ለብ እስኪል ተዉት። 250 ግራም ለጋ አይብ ከፍሪጅ ቀደም ብላችሁ አውጡ፤ ከቀዘቀዘ ቸኮሌቱ ሲነካው ወዲያው ይጠጥራል። አይቡን ከግማሽ የሻይ ብርጭቆ ወተትና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ጋር እስኪልም ፍጩት። የቀለጠውን ቸኮሌት ጨምራችሁ አንድ ዓይነት ቀለም እስኪይዝ ድጋሚ ፍጩ። የሁለት እንቁላል ነጭ አረፋው ቆሞ እስኪቀር ምቱ፤ በሦስት ጊዜ ከሥር ወደ ላይ እያገላበጣችሁ ቀላቅሉት። በየብርጭቆው ቀድታችሁ ክደኑት። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ይርጋ።»

እንቁላሉ ጥሬ ስለሆነ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን እንደማይሰጥ ይጻፉ። ለእነሱ ነጩ ቢቀር ሙሱ ጠጠር ይላል እንጂ ጣዕሙ አይጎድልም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ስላለበት ነጩ ቢቀርም አይሰጥ። «ክደኑት» ያልኩትም ያለ ነገር አይደለም። ጣና ዳር የሚኖር ቤተሰብ ፍሪጅ ውስጥ ዓሣ አይጠፋም፤ አይብ ደግሞ ሽታ ቶሎ ይስባል። የዘጌ ቡና በእጅዎ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ወፍራም ቡና ከወተቱ ጋር ይጨምሩ። ቸኮሌቱን ያጎላዋል።

አንድ ቃል ከርዕሱ ሥር ቢያስገቡ ደግሞ ጥሩ ነው፦ «የፍስክ»። አይብም እንቁላልም አለበትና፣ ረቡዕ ቀን ያነበበ ሰው ዕቃውን ሁሉ ካወጣ በኋላ እንዳይናደድብዎ።