«አስተርጓሚ አለ» ማለት ብቻ አይበቃም፦ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ጥራት ያለው የምልክት ቋንቋ ትርጉም ስለሚጠይቁበት መንገድ ጥያቄና መልስ

በሰባት ዓመቴ ማጅራት ገትር ታምሜ መስማት ካቆምሁ በኋላ፣ መጀመሪያ መምህራኑ ራሳቸው በምልክት ቋንቋ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በመደበኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ በአስተርጓሚ አማካኝነት ተምሬአለሁ። አሁን መምህር ነኝ፤ ተማሪዎች ስለ ትርጉም ጥራት ለትምህርት ቤቶቻቸው የሚያቀርቡትን ማመልከቻ ሲያዘጋጁም አግዛቸዋለሁ። ከተማሪዎች፣ ከወላጆች፣ ከመምህራንና ከአስተርጓሚዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አስተርጓሚያችን ደግ ሰው ናት፤ ነገር ግን መምህሩ ዐሥር ደቂቃ ሲናገር እርሷ የምታሳየን የሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። «ምን አለ?» ብዬ ስጠይቃት «አስፈላጊ አይደለም፤ ቆይቼ እነግርሻለሁ» ትለኛለች። ሳላስቀይማት እንዴት ልጠይቃት?

መልስ፦ እህቴ፣ «ቆይቼ እነግርሻለሁ» የሚለውን ቃል ሳይባል ያደገ መስማት የተሳነው ሰው በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ቤተሰቡ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ ሲሳሳቅ እኛ የምንባለው ይኸው ነው፤ የተባለው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገረን ይቀራል። ስለዚህ ቅሬታሽ ጥቃቅን ነገር ነው ብለሽ እንዳታልፊው። የሚሰማ ተማሪ የመምህሩን ጨዋታ ላለማዳመጥ ሊመርጥ ይችላል፤ አንቺ ግን የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን የመለየቱን ምርጫ በሌላ ሰው ተነጥቀሻል። ደግሞም መምህሩ እንደ ቀልድ የሚናገረው ምሳሌ በፈተና ላይ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

መጀመሪያ ከክፍል ውጭ ብቻዋን አነጋግሪያት፤ በሌሎች ተማሪዎች ፊት አይሁን። «ደካማ ነሽ» አትበያት፤ «ትናንት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ሁሉ ሲጽፉ እኔ የምጽፈው አልነበረኝም» ብትያት የምትነግሪያት የሆነውን ነገር ስለሆነ ለክርክር አይከፍትም። ካልተሻሻለ ለአንድ ሳምንት በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ መዝገብ ያዢ። ከሚሰማ ጓደኛሽ ደብተር ጋር የራስሽን አስተያይተሽ፣ ቀኑንና ክፍለ ጊዜውን፣ የተነገረውንና አንቺ ዘንድ የደረሰውን ጎን ለጎን ጻፊ።

ይህን የምመክርሽ በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የፈተናው ቀን መለወጡ በቃል ተነግሮ ሳይተረጎምልኝ ስለቀረ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ለብቻዬ ተቀምጬ ጠብቄአለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በመጀመሪያ የጻፍነው ማመልከቻ «የትርጉም አገልግሎቱ ጥሩ አይደለም» የሚል ብቻ ስለነበረ «ያለን ይኸው ነው» የሚል መልስ አገኘ። ሁለተኛው ማመልከቻችን ዐሥራ አንድ የቀሩ ነገሮችን ከነቀናቸው ዘርዝሮ ሲቀርብ ግን ለስብሰባ ጠሩን፤ ያን ዕለት አስተርጓሚው ራሱ ከእኛ ጎን ቆሞ ብቻውን እንደማይችለው ተናገረ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለሳይንስ ቃላት ምልክት ስለሌለ አስተርጓሚው ሁሉን ነገር በጣት ፊደል፣ ማለትም እያንዳንዱን ፊደል በእጁ ቅርጽ እያሳየ፣ ይጽፍልኛል፤ አንዳንዴም የመሰለውን ምልክት ይሰጣል። በዚህ መካከል ሐሳቡ ይጠፋኛል።

መልስ፦ ችግሩ የቃላት ብቻ አይደለም፤ በክፍሉ ውስጥ ሦስት ቋንቋዎች ስላሉ ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ አማርኛም ይቀላቅላል፤ አስተርጓሚው ይህን ሁሉ የራሱ ሰዋስው ወዳለው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ መመለስ አለበት፤ ፈተናው ደግሞ ተመልሶ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ቃል በቃል የሚሄድ አስተርጓሚ እጆቹ የአማርኛን ቃላት በቅደም ተከተል ይደረድራሉ እንጂ ምልክት ቋንቋ አይናገርም፤ የፊት ገጽታው ጥያቄውን ከሐተታ፣ አሉታውን ከአዎንታ ካልለየ ተመልካቹ የሚያገኘው የተበተኑ ቃላትን ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በፊዚክስ «ሥራ» የሚባለው ኃይል አንድን ነገር በገፋበት አቅጣጫ ሲያንቀሳቅሰው ነው። ከባድ ሸክም ተሸክሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው፣ በፊዚክስ ሕግ በሸክሙ ላይ ምንም ሥራ አልሠራም። አስተርጓሚው ግን መሥሪያ ቤት ለሚኬድበት ሥራ የምንጠቀምበትን ምልክት ካሳየ፣ ላብ በላብ የሆነው ሰው «አልሠራም» መባሉ ለተማሪው ምን ትርጉም ይሰጠዋል? አስተርጓሚው ጽንሰ ሐሳቡን ራሱ ካልተረዳው ትክክለኛ ምልክት ሊመርጥ አይችልም። ስለዚህ ስትጠይቁ «ምልክት የሚችል ሰው» ብቻ ሳይሆን የትምህርት ዓይነቱን መሠረት የሚያውቅ አስተርጓሚ፣ ወይም ቢያንስ ማስተማሪያ ጽሑፉን አስቀድሞ የሚያገኝ አስተርጓሚ ጠይቁ።

በየሳምንቱ መጀመሪያ ዐሥር ያህል ቁልፍ ቃላትን አውጥታችሁ ከአስተርጓሚው ጋር ተስማሙባቸው። ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ በጣት ፊደል ይጻፍ፣ ትርጉሙ ይብራራ፣ ከዚያ በኋላ የተስማማችሁበት ጊዜያዊ ምልክት ይቀጥል። አጻጻፉንም በተመለከተ ልብ በል፤ የአማርኛው የጣት ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ የሚለይ ድንቅ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛውን ቃል በድምፁ ብቻ በአማርኛ ፊደል ካየኸው በፈተና ወረቀት ላይ ላታውቀው ትችላለህ። ለእንግሊዝኛ ቃል የእንግሊዝኛው የጣት ፊደል ይሁን።

ጥያቄ፦ አስተርጓሚ ነኝ። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ብቻዬን እተረጉማለሁ። ተማሪዎቹ ስለ ድካሜ ለርእሰ መምህሩ ጽፈዋል፤ በጣም አዝኛለሁ።

መልስ፦ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ማመልከቻው በትክክል ከተጻፈ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እርስዎን ነው። አስተርጓሚ ያለፈውን ዓረፍተ ነገር በእጁ እያሳየ የአሁኑን ያዳምጣል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ትርጉሙን ይመዝናል። ሥራው በሥርዓት በሚከናወንበት ቦታ ሁለት አስተርጓሚዎች ተመድበው በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው የሚቀያየሩት ለምቾት አይደለም፤ አእምሮ ሲደክም ስሕተቱ አስተርጓሚው ሳያውቀው ስለሚበዛ ነው። የሚያርፈውም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የባልደረባውን ያመለጠ ቃልና ቁጥር ያቀብላል። የእጅ አንጓና የትከሻ ሕመምም በዚህ ሙያ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቹን ጠርተው ማመልከቻው ላይ የእርስዎን የሥራ ጫና በቁጥር እንዲጨምሩ ይንገሯቸው፦ ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ስንት ክፍል፣ ስንት ደቂቃ ያለ ዕረፍት። ከእርስዎም አንድ ነገር ልለምን። ሳይሰሙ ሲቀሩ ግምትዎን አይተርጉሙ፤ «አልሰማሁም» ብለው መምህሩን ይጠይቁ። እኛ ግምትዎን ከመምህሩ ቃል ለይተን የምናውቅበት ምንም መንገድ የለንም።

ጥያቄ፦ ልጄ መስማት የተሳነው የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በሰፈራችን መደበኛ ትምህርት ቤት የሁለት ሳምንት የምልክት ቋንቋ ሥልጠና የወሰዱ አንድ መምህርት እየተረጎሙለት ነው። ልጄ ግን ዝም ብሎ ይመለከታል እንጂ አይመልስም። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ እናቴ፣ ለእርስዎ የምሰጠው መልስ ለተማሪዎቹ ከሰጠሁት ይለያል፤ አስተርጓሚ እንዲቀየር ከመጠየቅዎ በፊት ልጅዎ ቋንቋ አለው ወይ ብለው ይጠይቁ። ትርጉም የሚጠቅመው አስቀድሞ ቋንቋ ላለው ሰው ነው። የሚሰማ ሕፃን ትምህርት ቤት ሲገባ አፉን ፈትቶ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት ይዞ ነው፤ የሚሰሙ ወላጆች ያሉት መስማት የተሳነው ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው በቤት ውስጥ በተፈጠሩ ጥቂት የእጅ ጥቆማዎች ብቻ ነው። እንዲህ ላለ ልጅ እጅግ ጎበዝ አስተርጓሚ ቢቆምለት እንኳ የማያውቀውን ቋንቋ በማያውቀው ቋንቋ መመለስ ይሆናል።

በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገው መምህሩ ራሱ ቀጥታ በምልክት ቋንቋ የሚያስተምረው፣ በእረፍት ሰዓትም በምልክት የሚጫወቱ እኩዮች ያሉት ቦታ ነው። በአዲስ አበባ እንደ መካኒሳና አልፋ፣ በሆሳዕናም መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በአንዳንድ መደበኛ ትምህርት ቤቶችም ልዩ ክፍሎች ተከፍተዋል። ሩቅ ከሆነ፣ በአካባቢዎ ያሉትን መስማት የተሳናቸው ልጆች ወላጆች ፈልገው ልጆቹ በአንድ ክፍል እንዲሰባሰቡና መስማት የተሳነው መምህር እንዲቀጠርላቸው በጋራ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ያመልክቱ። እርስዎም ምልክት ቋንቋ ይማሩ፤ ይህን ስል ወቀሳ አይደለም። እናቴ በእጇ ስሜን የጠራችበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ጥያቄ፦ ማመልከቻችን ውስጥ የትኛውን ሕግ እንጥቀስ?

መልስ፦ ብዙ አትደርድሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። ስምምነቱ በአንቀጽ 2 ምልክት ቋንቋን ከንግግር ቋንቋ እኩል ቋንቋ ብሎ ይተረጉማል፤ በአንቀጽ 24 ትምህርት ለተማሪው በሚስማማው ቋንቋ እንዲሰጥና ምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራን እንዲቀጠሩ ያዛል፤ ከፍተኛ ትምህርትንም ይጨምራል። በአንቀጽ 9 ስለ አስተርጓሚዎች ሲናገር «ሙያዊ» የሚል ቃል ይጠቀማል። ጣታችሁን የምታሳርፉት እዚህ ቃል ላይ ነው፤ ምክንያቱም «አስተርጓሚ መድበናል» የሚለው መልስ ስለ ሙያው ምንም አይናገርምና። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና በመስማት የተሳናቸው ባህል በዲግሪ ደረጃ ስለሚያስተምር፣ «የተማረ ሰው ከየት ይመጣል?» የሚለውም መከራከሪያ የሚያስኬድ አይደለም።

ጥያቄ፦ አስተዳደሩ «በጀት የለም፤ ትንሽ የሚሰማው ጓደኛችሁ ይተርጉምላችሁ» ብሎናል።

መልስ፦ በፍጹም አትቀበሉ። ያ ተማሪ ከፊሉን ብቻ ነው የሚሰማው፤ የራሱን ትምህርት ትቶ የእናንተን ይሸከማል፤ ሰኔ ላይ ሁላችሁም ትጎዳላችሁ። እምቢታችሁም በጽሑፍ ይሁን፣ እርሱም አብሮ ይፈርም።

ጥያቄ፦ የሒሳብ መምህር ነኝ። በእኔ በኩል ምን ላስተካክል?

መልስ፦ የሚያነጋግሩት ተማሪውን እንጂ አስተርጓሚውን አይሁን፤ «እንዲህ በልልኝ» አይበሉ። ሰሌዳ ላይ እየጻፉ አይናገሩ፤ መስማት የተሳነው ተማሪ የሚከታተለው በዓይኑ ብቻ ነውና በአንድ ጊዜ ሰሌዳውንም፣ እጆቹንም፣ ደብተሩንም ሊያይ አይችልም። ጽፈው ሲጨርሱ ትንሽ ዝም ይበሉ፣ ከዚያ ያብራሩ። ጥያቄ ሲጠይቁ ትርጉሙ ዘግይቶ ስለሚደርስ እጅ ያወጣውን የመጀመሪያ ተማሪ ወዲያው አይጥሩ። የሳምንቱን ማስታወሻ አስቀድመው ለአስተርጓሚው ይስጡ። አስተርጓሚው ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ይቁም እንጂ መስኮቱን ከጀርባው አያድርግ፤ ብርሃኑ ፊቱን ያጨልመዋል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ነው። ትምህርት ቤቱ ለልጃችን «ምልክት የሚችል ረዳት» እንደመደበላት ነግሮናል፤ የክፍል ውጤቷም ከፍተኛ ነው። እኛ የአሜሪካን ምልክት ቋንቋ አናውቅም። እንዴት እናረጋግጥ?

መልስ፦ ከፍተኛ ውጤት አያዘናጋችሁ። በሚሺጋን ግዛት ስተርጂስ በተባለ ከተማ የተማረው፣ መስማት የተሳነው ሚጌል ፔሬዝ፣ ከሜክሲኮ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነበር። ከ9 እስከ 20 ዓመቱ የተመደቡለት ረዳቶች ለሙያው ብቁ ያልነበሩ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ግን ከክፍል ክፍል ያሳልፈውና ጥሩ ውጤት ይሰጠው ነበር። ቤተሰቡ እውነቱን ያወቀው ሊመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ዲፕሎማ እንደማያገኝ ሲነገረው ነው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ የካሣ ክሱን መቀጠል እንደሚችል ፈረዱለት። የጠፉት ዓመታት ግን በፍርድ አይመለሱም።

በልጃችሁ የግል ትምህርት ዕቅድ ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። ረዳቷ በትምህርት ቤት አስተርጓሚዎች የብቃት ምዘና ስንት አግኝታለች? ምዘናው ከ0 እስከ 5 ሲሆን ብዙ ግዛቶች 3.5ን ወይም 4ን ዝቅተኛ መስፈርት አድርገውታል። ልጃችሁ በቀጥታ በምልክት የምታነጋግራቸው እኩዮችና አዋቂዎች አሏት ወይ? የአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ዕቅዱን የሚያወጣው ቡድን ይህን እንዲመለከት ያስገድዳል። ሦስተኛው ለእናንተ ነው፤ ስብሰባውን እንድትከታተሉ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ፣ ማቅረቡ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጓት።

ጥያቄ፦ የቡድን ሥራችንን በክፍል ፊት ሳቀርብ አስተርጓሚው እያመነታና እየቆራረጠ ስለተናገረ መምህሯ «አልተዘጋጀህም» ብላ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠችኝ። ተማሪዎች ስለ ትርጉም ስንጠይቅ ይህን የሚያነሳ ሰው አላየሁም።

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሁላችንም የምናነሳው ወደ እኛ የሚመጣውን ትርጉም ነው፣ ከእኛ የሚወጣውን ግን አናየውም፤ ምክንያቱም አንሰማውም። ምልክትን ወደ ድምፅ መመለስ ለብዙ አስተርጓሚዎች ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው፤ በሥልጠናም የሚሰጠው ጊዜ አነስተኛ ነው። ክፍሉ አንተን የሚያውቅህ በአስተርጓሚው አንደበት ነውና፣ በማመልከቻችሁ ውስጥ አንዱ መስፈርት ይህ ይሁን፤ አስተርጓሚ ሲቀጠርም በፈተናው ላይ መስማት የተሳነው ሰው በምልክት ሲናገር በድምፅ እንዲመልስ ይደረግ፤ ከፈታኞቹም አንዱ መስማት የተሳነው ይሁን።

ለሚቀጥለው ገለጻህ ደግሞ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመህ ከአስተርጓሚው ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተለማመድ፤ የምትናገረውን ጽሑፍ ስጠው። አንድ የሚሰማ ጓደኛህ ከኋላ ተቀምጦ ድምፁ ከአንተ ሐሳብ ሲርቅ በእጁ ምልክት ይስጥህ፤ ያን ጊዜ ቆመህ ድገመው። ስላለፈው ነጥብ ደግሞ የጽሑፍህን ቅጂ ይዘህ መምህሯን አነጋግራት፤ ዝግጅትህን ከወረቀቱ ታየዋለች።