ሽንኩርታችንን ለዩኒቨርሲቲ መሸጥ እንችላለን?

ጥያቄ፦ ወንጂ አካባቢ በአዋሽ መስኖ ግማሽ ሄክታር ቀይ ሽንኩርት አለማለሁ። ልጆቼን የማሳድገው ለብቻዬ ነው። ደላላው ማሳ ድረስ ይመጣል፣ ዋጋ የሚቆርጠውም እሱ ነው። አዳማ ያሉ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሎች በብዛት ይገዛሉ ይባላል። እኛን ትንንሾቹን፣ ያውም ሴቶችን፣ ያስገቡናል?

መልስ፦ እህቴ፣ መግባት ይቻላል። ብቻዎን ግን ይከብዳል።

የተማሪ ምግብ ቤት በየቀኑ ወጥ ይሠራል። እርስዎ ደግሞ ሽንኩርቱን በአንድ ሳምንት ነቅለው ይጨርሳሉ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሰባት ስምንት ጎረቤት ሆናችሁ ተከላውን በየሁለት ሳምንቱ ተራ አስይዙት። ቦምቤ ሬድ የሚባለው የሽንኩርት ዝርያ ከችግኝ መደብ ወደ ማሳ ከተዛወረ በኋላ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ አዳማ ሬድ ትንሽ ይዘገያል። ለጥር መጀመሪያ የሚደርሰው በመስከረም አጋማሽ ማሳ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ግን አብዛኛው ተማሪ ቤቱ ነው፤ ለዚያ ጊዜ የሚደርሰውን ለሆስፒታል ወይም ለገበያ ያስቡት።

ደረሰኝ የሌለው ሻጭ ጨረታ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ በማኅበር በኩል ይሂዱ። በቀበሌዎ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ አዲስ ለማቋቋም አይድከሙ፤ እዚያው አባል ይሁኑ፣ በራስዎ ስም። ከሌለ የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ያደራጃችኋል።

አሁን ወደ ጆንያው። የመጋዘን ሠራተኛ ከላይ ያለውን አያይም። እጁን መሐል ድረስ ሰዶ አንድ ያወጣል፣ አንገቱን፣ ቅጠሉ የሚወጣበትን፣ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ለስለስ ካለው ጆንያው በሙሉ ይመለሳል። አንዴ አብሬ ሄጄ ስድስት ኩንታል ሲመለስ አይቻለሁ፤ ገበሬው ቸኩሎ እርጥቡን ነበር የጫነው። ስለዚህ ከነቀላ በፊት ከ10 እስከ 15 ቀን ውኃ ያቁሙ። ከግማሽ በላይ ቅጠሉ ሲወድቅ ይንቀሉ። ጥላ ሥር፣ ነፋስ እያገኘው፣ አንገቱ እስኪደርቅ ያቆዩት። ቅጠሉን ሲቆርጡም ከአንገቱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያስቀሩ። ደቃቁንና የተሰነጠቀውን ለይተው ለገበያ ያውሉት፤ ከሥር መደበቅ ደንበኛ ያሳጣል።

ክፍያው ይዘገያል፣ ይህን አልደብቅዎትም። ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። የመክፈያውን ቀን ውሉ ላይ ያስጽፉ። ከምርትዎም ሲሶውን ለገበያ ያስቀሩ፤ የጉልበትና የማዳበሪያ ዕዳ ከዚያ ይከፈላል።