ፕሬዝዳንቱን ማን መረጣቸው? ጥያቄና መልስ ከአራት ኪሎ

አራት ኪሎ አካባቢ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ ሰኞ ጠዋት መንገዱ ይዘጋል፣ ታክሲውም በሌላ በኩል ይዞራል። "ፓርላማው እየተከፈተ ነው፣ ፕሬዝዳንቱ ንግግር ያደርጋሉ" ብላችሁ የጥያቄ መዓት አወረዳችሁብኝ። ሕግ ተምሬያለሁ፣ ሕገ መንግሥትም አስተምሬያለሁ፤ ስለዚህ ያቅሜን ልመልስ። የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። ስድቡን ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ፕሬዝዳንት መርጬ አላውቅም። ካርድ ግን በየምርጫው አወጣለሁ። የት ላይ ነው ያመለጠኝ?

መልስ፦ አላመለጠህም ወንድሜ። ለፕሬዝዳንት የሚሆን ኮሮጆ እኛ አገር የለም። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 70 ብታየው፣ ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከዚያ እነሱና የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያገኘ ሰው ርዕሰ ብሔር ሆነ ማለት ነው። አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ የተመረጡት መስከረም 27 ቀን 2017 ነው፣ ያው በመክፈቻው ሰኞ። ከእሳቸው በፊት ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ተመረጡ፣ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ዘመናቸው ሳያልቅ ስለለቀቁ። ዘመኑ 6 ዓመት ነው፣ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ሁለቱንም ዘመን የጨረሱት እስካሁን አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው፣ ከ1994 እስከ 2006። ልብ በል፣ የተወካዮች ምክር ቤት ዕድሜ 5 ዓመት ነው። ስለዚህ አንዱ ምክር ቤት የመረጣቸው ፕሬዝዳንት በሚቀጥለው ምክር ቤት ጊዜም ወንበራቸው ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ በመንግሥቱ ኃይለማርያም ጊዜ ፕሬዝዳንት ማለት ሁሉን አዛዥ ነበር። የአሁኑን ምን ነካው?

መልስ፦ እማማ፣ ልክ ነዎት፣ ብዙ ሰው የሚምታታበትም እዚህ ላይ ነው። በ1980 የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲመሠረት ሊቀ መንበር መንግሥቱን ፕሬዝዳንት ያደረጋቸው ብሔራዊ ሸንጎው፣ የዚያን ጊዜው ፓርላማ ነው፤ ሥልጣኑም ጦሩም በእጃቸው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ገለበጠው። አንቀጽ 45 ሥርዓቱ ፓርላማዊ ነው ይላል። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ አሁን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው፣ ካቢኔውን የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። የፕሬዝዳንቱ ስም ቀርቷል፣ ጉልበቱ ግን ወደ ሌላ ቢሮ ሄዷል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፕሬዝዳንቱ ምን ይሠራሉ? በሐቀኝነት ንገረን።

መልስ፦ በሐቀኝነት፣ አብዛኛው የክብር ሥራ ነው። የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ይከፍታሉ። የውጭ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላሉ። የእኛን አምባሳደሮች ይሾማሉ፣ ለጦር መኮንኖችም ከፍተኛ ማዕረግ ይሰጣሉ፣ ሁለቱንም ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርቡላቸው ነው። ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ይቅርታም ይሰጣሉ፣ እሱም በሕጉ መሠረት እንጂ እንዳሻቸው አይደለም።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የፊርማው ነገር ነው። ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዋጅ ለፊርማ ይላክላቸዋል። በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ። ባይፈርሙስ? ምንም አይሆንም! አዋጁ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሕግ መልሶ ሊልክ ይችላል፣ ምክር ቤቶቹም ያንን ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማሰባሰብ አለባቸው። የእኛው ያ ዕድል የላቸውም። የመክፈቻ ንግግራቸውንም ያዳመጠ ሰው ይገባዋል፤ የሚያቀርቡት መንግሥት በዓመቱ ሊሠራ ያሰበውን ነው። ከሳምንታት በኋላ የምክር ቤት አባላት በንግግሩ ላይ ጥያቄ ሲያነሱ የሚመልሱት ፕሬዝዳንቱ አይደሉም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ እሺ ጠቅላይ ሚኒስትሩንስ እኛ እንመርጣለን?

መልስ፦ እሳቸውንም ቢሆን በቀጥታ አንመርጥም። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመረጠው ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ የምርጫ ክልል አሸንፎ መግባት ግድ ነው፣ ከዚያ አብላጫ ወንበር የያዘው ፓርቲ ወይም ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል። ሚኒስትሮቹን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባሉ፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፤ ሚኒስትር ለመሆን ግን የምክር ቤት አባል መሆን አያስፈልግም።

ሌላ ልጅ ደግሞ "ያለ ምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትር ይቀየራል ወይ?" ብሎ ጠይቆ ነበር። ይቀየራል፣ አይተነዋል። በ2004 አቶ መለስ ሲያርፉ አቶ ኃይለማርያም ተተኩ፤ እሳቸው በየካቲት 2010 ሥልጣን እንደሚለቁ አሳወቁ፣ መጋቢት 24 ቀን ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በምክር ቤቱ ተሰየሙ። ያኔ ማንም ወደ ምርጫ ጣቢያ አልሄደም። ለጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ "ከሁለት ዘመን በላይ አይቻልም" የሚል ገደብ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ለክብር ወንበሩ ገደብ አድርጎ ለሥልጣኑ ወንበር መተው፣ እኔን ብትጠይቁኝ፣ የተገላቢጦሽ ነው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነው ያደግኩት፣ አሁን ወደ ዳር ወጥቻለሁ። እኔ በእጄ የምመርጠው ማንን ነው?

መልስ፦ በምርጫ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው ሁለት ነገር ይመርጣል። አንዱ ለፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ከ547ቱ ወንበሮች አዲስ አበባ ያላት 23 ነው። ሌላው 138 መቀመጫ ላለው ለከተማው ምክር ቤት ነው፤ ከንቲባውን የሚሰይመውም ይህ ምክር ቤት ነው። ዕድሜሽ 18 ከሞላና በምርጫ ክልሉ 6 ወር ከኖርሽ ትመዘገቢያለሽ። ቤት ከቀየርሽ የድሮው ሰፈርሽ መዝገብ ላይ አትንጠልጠይ፣ አሁን የምትኖሪበት ሂጂና ተመዝገቢ።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው፣ አንዳንዴም ጨካኝ። አንዱ ዕጩ ከመቶ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኙ ወንበሩ የባለ 40ው ነው። የቀረው 60 ሰው ባዶ እጁን ይገባል። ፓርቲዎች ካልተስማሙና ድምፅ ከተከፋፈሉ ምን እንደሚሆን ከዚህ አስቡት።

ጥያቄ፦ የመረጥኩት ሰው ከገባ በኋላ ቢጠፋብኝስ? ማውረድ እችላለሁ?

መልስ፦ ሕጉ ላይ አለ። አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበት ተወካይ በሕግ መሠረት ከምክር ቤት አባልነቱ እንደሚወገድ ይናገራል። ግን እስቲ ቀድመህ ራስህን ጠይቅ፣ የምርጫ ክልልህን ተወካይ ስም ታውቃለህ? ይህን ከጠየቅኳቸው ውስጥ አብዛኛው ሰው ሳቀብኝ።

ጥያቄ፦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚባለው ሁለተኛ ፓርላማ ነው? ሕግ ያወጣል?

መልስ፦ ሕግ የማውጣት ሥራ የእሱ አይደለም። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፣ በየአንድ ሚሊዮን ሰው ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። አባላቱን የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። አዲስ አበባ ክልል አይደለችም፣ ስለዚህ የከተማችን ምክር ቤት ወደዚያ የሚልከው ሰው የለም።

ትልቁ ሥራው ሕገ መንግሥት መተርጎም ነው። በብዙ አገር ይህ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። እኛ ጋ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያጠናና ሐሳቡን ያቀርባል፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም "የመንግሥት ዘመን ካለቀ በኋላ ማን ያስተዳድራል?" የሚለው ክርክር ያለቀው በዚህ መንገድ ነው። የፖለቲካ ሰዎች የተቀመጡበት ምክር ቤት የሕግ ክርክር መዳኘቱ ዛሬም ድረስ ባለሙያውን ያከራክራል። እኔም ካልተመቻቸው ወገን ነኝ፣ ግን ሌላ ቀን እንከራከርበት።

ጥያቄ፦ ቤተ መንግሥቱ የትኛው ነው? ሁለት አይደል እንዴ?

መልስ፦ ሁለት ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ሂልተን ስትወርድ ያለው የምኒልክ ግቢ ነው፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ያለበት። ታች፣ ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ነው፣ ለጃንሆይ የ25 ዓመት ኢዮቤልዩ የተሠራው። ለዓመታት ፕሬዝዳንቶች የተቀመጡት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ፣ አትሳቅብኝ። እኔ ፕሬዝዳንት መሆን እችላለሁ?

መልስ፦ ለምን እስቃለሁ? የምክር ቤት አባል መሆን አይጠበቅብህም። ወይዘሮ ሣህለወርቅ የመጡት ከዲፕሎማትነትና ከተባበሩት መንግሥታት ሥራ ነው። አቶ ግርማ ደግሞ በግል ተወዳድረው የገቡ የፓርላማ አባል ነበሩ፤ አባል ሆኖ የተመረጠ ሰው የምክር ቤት ወንበሩን ይለቃል። ዕጩ የሚያደርግህ ግን ምክር ቤቱ ነው። ፎቶና ማመልከቻ ይዘህ የምትሰለፍበት መስኮት የለም።