የሟች ገመና ፊልም ሲሆን ማን ይከሳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። በኤጀንሲ ተቀጥሬ አንድ ጡረታ የወጡ ዝነኛ የመድረክ ሰው ቤት ውስጥ ለዓመታት አስታምሜያለሁ። መድረክ ላይ በላባና በፈርጥ ያሸበረቁ፣ ቤታቸው ግን ማንም የማያውቀው ሕይወት የነበራቸው ሰው ናቸው። አሁን አርፈዋል። ፊልም የሚያጠናው የወንድሜ ልጅ ስለ ዝነኛው አሜሪካዊ ፒያኖ ተጫዋች ሊበራቺ የተሠራውን ፊልም አይቶ «አክስቴ፣ ያንቺም ታሪክ ፊልም ይወጣዋል፤ ሟች እንደሆነ አይከስም» ይለኛል። ሥራ ስጀምር የፈረምኩት ወረቀት አለ። የጻፉልኝ ደብዳቤና ፎቶዎችም እጄ ላይ ናቸው። ልንገረው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ የወንድምዎ ልጅ ግማሹን አውቋል። አሜሪካ ውስጥ ሟች ስሙ ጠፋ ተብሎ በጥቅሉ ክስ አይመሠረትም። ገመናዬ ወጣ የማለት መብቱም አብሮት ይቀበራል።

ራሱ ሊበራቺ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ የለንደኑ ዴይሊ ሚረር አምደኛ ወንድ እንደሚያፈቅር የሚያስጠረጥር ጽሑፍ ጻፈበት። ከሰሰ። በ1959 ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ምሎ ካደ፤ 8,000 ፓውንድም ተፈረደለት። በ1982 ደግሞ ሾፌሩም ፍቅረኛውም ነበርኩ ያለው ስኮት ቶርሰን የ113 ሚሊዮን ዶላር ክስ አመጣበት። ጉዳዩ በ1986 በ95,000 ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ሊበራቺ በ1987 ሞተ። ቶርሰን በ1988 መጽሐፍ አወጣ፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤችቢኦም በ2013 ማይክል ዳግላስ የተወነበትን ፊልም ከዚያው መጽሐፍ ሠራ። በሕይወት ሳለ 8,000 ፓውንድ ያስቀጣው ወሬ፣ ከሞቱ በኋላ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አመጣ።

የሟች ስምና መልክስ? ካሊፎርኒያ ከሞት በኋላ ለ70 ዓመት፣ ኔቫዳ ለ50 ዓመት ለወራሾች ይጠብቃሉ። ይህ ግን በዋናነት ቲሸርትና ማስታወቂያ ላይ ነው የሚሠራው። ፊልም ሌላ ነገር ነው። የፊልም ተዋናይዋ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ 101 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ በሕይወት እያለች፣ «ሳታስፈቅዱኝ በተከታታይ ፊልም አሳያችሁኝ» ብላ የቴሌቪዥን ጣቢያውን ኤፍኤክስን ከሳ ነበር። በ2018 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት ክሷን ውድቅ አደረገው።

እስከዚህ ድረስ ለወንድምዎ ልጅ ደስ ይላል። የእርስዎ ጉዳይ ግን ከቶርሰን ይለያል። እሱ የተረከው የራሱን ኑሮ ነው። እርስዎ ተቀጣሪ ነበሩ፤ ያዩትን ያዩት ሥራ ላይ ሆነው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያን ወረቀት ይፈልጉት። አበሻ ፊርማ ላይ ቸር ነው፤ ሳናነብ እንፈርማለን። የምስጢር ጠባቂነት ውል ከሆነ ሰውየው ሲሞቱ አብሮ አይሞትም፤ የውርስ አስተዳዳሪው ሊከስበት ይችላል። አንዳንዱ ውል ለእያንዳንዱ ጥሰት የተቆረጠ ገንዘብ ያስቀምጣል። ልጁም ፈራሚ ባይሆንም፣ ውል አፍርሽ ብሎ ገፋፍቷል ተብሎ ሊጎተት ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሕመማቸው ነው። ኤጀንሲው ኢንሹራንስ እያስከፈለ የሚሠራ ከሆነ፣ ሂፓ የሚባለው የፌዴራል የጤና መረጃ ሕግ ይመለከተዋል። ይህ ሕግ የሟችን መረጃ ከሞት በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የሊበራቺ ሞት ከኤድስ ጋር የተያያዘ መሆኑን በይፋ ያረጋገጠው የሪቨርሳይድ ካውንቲ አስከሬን መርማሪ ነው፤ የመናገር ሥልጣኑ የእሱ ነበር። ስለ መድኃኒት፣ ስለ ምርመራ፣ ስለ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ለልጁ ምንም አይንገሩት። እራት ላይም ቢሆን።

ደብዳቤው የእርስዎ ነው፤ ሊያስቀምጡትም ሊሸጡትም ይችላሉ። ቃላቱ ግን የጸሐፊው ናቸው፤ የቅጂ መብቱ ከሞታቸው በኋላ ለ70 ዓመት የወራሾቻቸው ነው። ፊልም ላይ ቃል በቃል ማስነበብ ፈቃድ ይጠይቃል። የፎቶው መብት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያነሳው ሰው ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰው አይደለም። በራስዎ ስልክ ያነሱት ቢሆንም ውሉ ከልክሎ ሊሆን ይችላል።

ፍቅረኛ ወይም ወዳጅ ነበራቸው? በሕይወት አለ? እንግዲያው የሚከሰው እሱ ነው። ሐሰት ከሆነ በስም ማጥፋት፣ እውነት ከሆነም የግል ምስጢሬን አደባባይ አወጡብኝ ብሎ። ስሙን መቀየር ብቻውን አያድንም፤ የሚያውቁት ሰዎች ከለዩት በቂ ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ ቢዘልለው እንኳ አከፋፋዩ አይዘልለውም። ፊልሙን ከመቀበሉ በፊት ኢ ኤንድ ኦ የተባለውን፣ በፊልሙ ይዘት ክስ ቢመጣ የሚሸፍነውን ኢንሹራንስ ይጠይቃል። የኢንሹራንሱ ጠበቃ ስክሪፕቱን መስመር በመስመር እያነበበ «ይሄ ከየት መጣ?» ይላል። መልሱ «ከአክስቴ» ከሆነ፣ አክስትየውም ፈርማ ከሆነ፣ ነገሩ እዚያው ይቆማል።

ልጁ ከአሮጌ ጋዜጣ፣ ከፍርድ ቤት መዝገብና ከታተሙ ቃለ መጠይቆች ተነስቶ መጻፍ ይችላል። ፈጽሞ ልብ ወለድ ገጸ ባሕሪም ይፍጠር። የእርስዎን ትዝታ ከፈለገ ግን የውርስ አስተዳዳሪው በጽሑፍ ይፍቀድ። ወረቀቱን ይዘው ኔቫዳ ውስጥ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያማክሩ፤ እኔ ሳላየው ከዚህ በላይ ልል አልችልም። እስከዚያ በቴሌግራምም በቴክስትም ምንም አይላኩለት። ልጁ ቀብድ ይዞ ከመጣም አይቀበሉ፤ ገንዘብ ከተቀበሉ በኋላ «ለቤተሰብ ነው ያወራሁት» ማለት ይከብዳል።