ያ ቤት የሚጮኸው ወደ ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከከተማዋ ዳር አንድ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አለ። በጦርነት ዘመን እስር ቤት እንደነበረ፣ እስረኞችም እዚያው ተገድለው ያለ ሥርዓት በግቢው እንደተጣሉ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ሌሊት የሰንሰለት ድምፅና ማቃሰት ይሰማል ስለሚባል በዚያ በኩል የሚያልፍ የለም። አጠገቡ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት እናት አሉ፤ «መንፈሱን የሚያበሉት እርሳቸው ናቸው» እየተባለ ሰው ሰላምታ ነሥቷቸዋል። እኛ ጥቂት ምእመናን የእነዚያ ሰዎች ነፍስ ቦታውን እንድትለቅ ጸሎተ ፍትሐት ልናስደርግ አስበናል። ተገቢ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጸሎቱ ተገቢ ነው፤ የተነሣችሁበት ምክንያት ግን ተገቢ አይደለም። ይህን ጥያቄ በልዩ ልዩ መልኩ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንዱ «አባቴ በሕልሜ እየመጣ አስቸገረኝ፤ ይፈታልኝና ይተወኝ» ይላል። ሌላዋ የገዛችው ቤት ውስጥ ሰው ሞቶ እንደነበር ስትሰማ ካህን ፍለጋ ትሮጣለች። ሁሉም ፍትሐትን ሙታንን ማባረሪያ አድርገውታል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙታን የምትጸልየው እግዚአብሔር እንዲምራቸው ነው። ለእናቱ የሚጸልይ ልጅ እናቱ እንድትርቅለት አይለምንም።

ደግሞስ ከየት ነው የምናባርራቸው? ጻድቁ ኢዮብ ወደ ሲኦል የወረደ ወደ ቤቱ ዳግመኛ እንደማይመለስ ተናግሯል (ኢዮ. 7፥9-10)። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለው ባለጠጋ በሥቃይ ውስጥ ሆኖ አልዓዛር ወደ አምስት ወንድሞቹ እንዲላክለት ቢለምን እንኳ አልተፈቀደለትም። የነፍስ ማደሪያ በእግዚአብሔር የተወሰነ ነው፤ ቁልፉ በተሰበረ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ስትንከራተት አትኖርም። ሐዋርያት እንኳ በየቀኑ አብሯቸው የሚውለውን ጌታ በሌሊት በባሕር ላይ ሲያዩት «ምትሐት ነው» ብለው ጮኸዋል (ማቴ. 14፥26)። ፍርሃት የሚያውቁትን ፊት እንግዳ ያደርጋል።

ሰይጣን የሟችን መልክ አስመስሎ አያስፈራራም አልልም። ለዚያ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽና አልዘረዝረውም። ነገር ግን በሌሊት የሚንቋቋ ሁሉ ጋኔን አይደለም፤ ቀን በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ድምፅ ያሰማል፣ ሰው በሌለበት ጣሪያ ሥርም ጉጉት ትገባለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ለምን ሁልጊዜ በእንዲህ ያለ ቦታ ይወለዳል? ሮማዊው ታናሹ ፕሊኒ ከ1,900 ዓመት በፊት በጻፈው አንድ ደብዳቤ በአቴና ስለነበረ ቤት ይተርካል። በቤቱ ሌሊት ሰንሰለት ሲጎተት ይሰማ ነበር አሉ። አቴኖዶሮስ የተባለ ፈላስፋ ቤቱን ተከራየና ምትሐቱ የጠቆመውን ስፍራ በሹማምንት ፊት ቢያስቆፍር በሰንሰለት የታሰረ የሰው አጥንት ተገኘ። አጥንቱ በክብር ሲቀበር ድምፁ ጠፋ ይላል። ታሪኩን እንደ ሃይማኖት ማስረጃ አልቀበለውም። ይሁን እንጂ ከአንቺ ከተማ ወሬ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ተመልከቺ፤ ሰንሰለቱም እስረኛውም ያልተቀበረው አጥንትም አለ።

በአሜሪካ ጌቲስበርግ የተባለች 2,400 ያህል ነዋሪዎች የነበሯት ከተማ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1863 የሦስት ቀን ጦርነት ተካሄደባት። ወደ 50,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ ወይም የደረሰበት ጠፋ። ለአሸናፊው ወገን ሙታን በዚያው ዓመት መካነ መቃብር ተዘጋጀላቸው፤ የተሸናፊዎቹ አጥንት ግን እስከ 1870ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በእርሻ ማሳ ውስጥ በጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ቆየ። ዛሬ በዚያች ከተማ እንግዶችን በሌሊት እያስከፈሉ «መናፍስት ያለባቸውን ቦታዎች» የሚያስጎበኙ አሉ። ወጣት ወታደሮች ያለቁበት ስፍራ የመዝናኛ ገበያ ሆነ ማለት ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ቃየን አቤልን ሲገድለው እግዚአብሔር «የወንድምህ የደሙ ድምፅ ከምድር ወደ እኔ ይጮኻል» አለ (ዘፍ. 4፥10)። ልብ በዪ፣ የአቤል ደም የጮኸው መንገደኛን ሊያስደነግጥ አይደለም፤ ጩኸቱ ወደ ፈራጁ ነው። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 ደግሞ የሳኦል ቁባት ሪጽፋ አለች። ሁለት ልጆቿ ከሌሎች አምስት ጋር ተሰቅለው ሳይቀበሩ ሲቀሩ ማቅ በዓለት ላይ ዘርግታ፣ ከመከር መጀመሪያ ዝናብ እስኪዘንብ፣ ቀን ወፎችን ሌሊት አራዊትን እየከለከለች ሬሳቸውን ጠበቀች። ሰው ሁሉ በሚሸሸው ስፍራ አንዲት እናት ሌሊቱን አደረች! ዳዊት ይህን ሲሰማ የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት አስመጣ፣ የተሰቀሉትንም አሰበሰበ፣ አስቀበራቸውም። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን ሰማ ይላል መጽሐፉ። ዕዳው የነበረው በሕያዋን ላይ ነው። የእናንተ ከተማ ወሬም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ሽማግሌዎቹ በግልጽ ያልተናገሩትን ግፍ ልጆች በምትሐት ተረት ሲያስታውሱት ኖረዋል።

አሁን ስለ እኚያ እናት ልናገር፤ እዚህ ላይ አልለሳለስም። እ.ኤ.አ. በ1692 በሰሜን አሜሪካ በምትገኘው ሳሌም «የእገሊት መንፈስ ሌሊት መጥቶ አሠቃየኝ» የሚል ምስክርነት በፍርድ ቤት ተቀባይነት አግኝቶ 19 ሰዎች ተሰቀሉ። አንድ ሽማግሌም ለክሱ መልስ አልሰጥም ስላሉ ድንጋይ እየተጫነባቸው ሞቱ። መጀመሪያ ከተከሰሱት አንዷ እየለመነች የምትኖር ድኻ ነበረች። ከሳሾቹ መጽሐፍ ቅዱስ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ እሑድ እሑድ ስብከት የሚሰሙ ነበሩ። ከተፈረደባቸው የመጨረሻዋ ሴት ስም በሕግ የነጻው በ2022 ነው። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ ስለ መንፈስ ሲወራ አይሻርም። በሕንፃው ውስጥ መንፈስ መኖሩን ማንም አላረጋገጠም፤ ብቻቸውን በሚኖሩት እናት ላይ የሚፈጸመው ኃጢአት ግን በየቀኑ የሚታይ ነው። ሰላምታ የነሣ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ ለፍትሐቱ እንዳይቆም።

ጸሎቱን አስደርጉ። ከዚያ በፊት ግን ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ ማን ታሰረ፣ ማን ሞተ፣ የክርስትና ስማቸውስ ማን ነበር? የተገኘውን ስም ለካህናቱ ስጡ፤ ያልተገኘውን እግዚአብሔር ያውቀዋል። በግቢው አጥንት አለ ከተባለ በሌሊት አካፋ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አሳውቁና በሕግ ወጥቶ በሥርዓት ይቀበር። «መንፈሱን አነጋግሬ ፍላጎቱን እነግራችኋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት፤ ሳኦል ከጠፋባቸው ምክንያቶች አንዱ መናፍስት ጠሪን መጠየቁ ነው (1ኛ ዜና 10፥13)። ከጸሎቱ በኋላም ድምፁ ቢሰማ ጸሎታችን አልተሰማም ብላችሁ አትደንግጡ፤ ጣሪያውን የሚያይ አናጺ ጥሩ።