የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ከደብረ ብርሃን የጻፉልን ጠያቂ፣ በትልቁ ቤት ካለው ራውተር 25 ሜትር ያህል ኬብል ስበው በጓሮ ላለው ሰርቪስ ቤት አንድ ያገለገለ ራውተር እንደ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በኬብል የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ እንደሚያሰራጭ መሣሪያ፣ አስገብተዋል። ስልኮቹ የዋይፋይ ምልክቱን ሙሉ እያሳዩ «ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም» ይላሉ፤ ለአንዱ ልጅ ሲሠራ ለሌላው አይሠራም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ትልቁ ቤትም አብሮ ይቋረጣል። ሁለት ጊዜ የመጣው ባለሙያ የሁለተኛውን ራውተር የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ ከሄደ በኋላ፣ ዕቃው ተበላሽቷልና ሌላ ይግዙ ብሏቸዋል።

እባክዎ አይግዙ። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር በድንጋይ በተሠሩ ቤቶች ዋይፋይ ሲያስቸግር ሁሉም ሰው ግድግዳውን ይወቅሳል፤ ወፍራም ግድግዳ ግን የሚያዳክመው ምልክቱን ነው፣ የእርስዎ ምልክት ደግሞ ሙሉ ነው። መብራት ሲመጣ ትልቁም ቤት ይቋረጣል የሚለውን እንዳነበብኩ ጥርጣሬዬ በአንድ ነገር ላይ አረፈ፤ በቤትዎ ውስጥ ሁለት አድራሻ ሰጪዎች አሉ፣ ሁለቱም ራሳቸውን የሚጠሩት በአንድ ቁጥር ነው።

ይህን ጉዳይ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህ ባለመታወቁ ነውና። አንድ ስልክ ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ የራሱ ቁጥር ስለሌለው «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል። ይህን ጥሪ ሰምቶ የሚመልሰው አገልግሎት ዲኤችሲፒ (DHCP) ይባላል። መልሱ የሚይዘው የስልኩን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ወደ ውጭ የሚወጣበት በር የትኛው እንደሆነም ይነግረዋል። ሁለት ራውተሮች ጥሪውን ሲሰሙ ሁለቱም ይመልሳሉ፣ ስልኩም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን ይቀበላል። በአንድ ቀበሌ ሁለት ጸሐፊዎች፣ አንዱ የሌላውን መዝገብ ሳያይ፣ የቤት ቁጥር ቢያድሉ አንድ ቁጥር በሁለት ቤቶች ላይ እንደሚለጠፍ ሁሉ፣ እዚህም ሁለት ስልኮች አንድ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ። ከዚህ የባሰው በሩ ነው። ሁለቱም ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ቁጥራቸው 192.168.1.1 ከሆነ፣ ስልኩ መውጫውን ፈልጎ ሲጣራ አንዳንድ ጊዜ የሚመልስለት የሰርቪሱ ራውተር ይሆናል፤ እርሱ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ መስመር የለውም። መብራት ሲመጣ ሁሉም መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ አድራሻ ስለሚጠይቁ የትልቁ ቤት ስልኮችም በዚሁ ይጠመዳሉ። ሪሴት የሚያደርገውም ዲኤችሲፒውን ከነአሮጌው ቁጥር መልሶ መክፈት ነው፤ ስለዚህ ያ ባለሙያ በመጣ ቁጥር ችግሩን አድሶ ሄዷል።

ሆኖም ምንም ከመንካትዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት። ኬብሉ ወደ ሰርቪሱ የተወሰደው ከመብራት ሽቦው ጋር በፕላስተር ታስሮ እንደሆነ ጽፈዋል። የሽቦው ልባስ በፀሐይና በውርጭ ከተሰነጠቀ 220 ቮልት በኔትወርክ ኬብሉ በኩል እጅዎ ላይ ሊደርስ ይችላል። ብሬከሩን ሳያጠፉ ያንን ኬብል በፍጹም አይንኩት።

ጥርጣሬዬን ለማረጋገጥ ብሬከሩን አጥፍተው ኬብሉን ከሁለተኛው ራውተር ይንቀሉ፣ ከዚያ መብራቱን መልሰው ሰርቪስ ቤት ይግቡ፤ በስልክዎ ላይ ያንን ዋይፋይ አስረስተው እንደገና ያገናኙት። ኬብሉ ተነቅሎ እያለ ስልኩ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ካገኘ፣ የሰጠው ይኸው ሁለተኛው ራውተር ብቻ ነው።

እንደተገናኙ 192.168.1.1ን በብሮውዘር ይክፈቱ። በመጀመሪያ የራውተሩን የራሱን ቁጥር ወደ 192.168.1.2 ይለውጡ፤ ተነሥቶ ሲመጣ በአዲሱ ቁጥር ገብተው የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከትልቁ ቤት ጋር አንድ ያድርጉ፣ ቻናሉን (ምልክቱ የሚተላለፍበትን የሞገድ መስመር) ግን ይለዩ፤ ትልቁ ቤት 1 ላይ ከሆነ ይህን 6 ወይም 11 ላይ ያድርጉት። ዲኤችሲፒውን የሚያጠፉት በመጨረሻ ነው፤ ቀድመው ካጠፉት ስልክዎ አድራሻ አጥቶ ገጹ ይዘጋብዎታል። ዋናው ራውተር 192.168.1.2ን ለሌላ እንዳያድል የሚያድልበት ክልል ከ192.168.1.100 እንዲጀምር ያድርጉ። ኬብሉን ሲመልሱ ላን (LAN) በሚለው ቀዳዳ ይሰኩት፤ ዋን (WAN) የሚለው ባዶውን ይቀመጥ።

ኬብሉን ግን በአዲስ እንዲተኩት እመክራለሁ። ገበያው መዳብ በተቀባ አሉሚኒየም ኬብል ተሞልቷል፤ አንዷን ክር በምላጭ ሲፍቋት ውስጧ ነጭ ከሆነ አይውሰዱት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራልና። ጫፉን ሲያስሩም በውስጡ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠመዘዙትን ስምንት ባለ ቀለም ክሮች እንደ ጥንዳቸው በተራ የሚደረድሩ ሠራተኞች አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ነው፤ ሦስተኛውና ስድስተኛው ከአንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። አዲሱ ኬብል ለብቻው በፕላስቲክ ቱቦ ከመሬት በታች ይለፍ፤ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አይግባ። በክረምት ነጎድጓድ ሲቃረብም ሁለቱንም ጫፎች አስቀድመው ይንቀሉ። አሮጌውን ኬብል ከሽቦው ላይ ሲፈቱ ደግሜ እላለሁ፣ ብሬከሩ ይጥፋ፣ መጥፋቱንም በቴስተር ያረጋግጡ።

ሁሉም ሲያልቅ ትልቁ ቤት ሆነው 192.168.1.2ን በስልክዎ ይክፈቱ፤ ገጹ ከመጣ መስመሩ ተስተካክሏል። ከዚያም ያንን ቁጥር በወረቀት ጽፈው በሁለተኛው ራውተር ጀርባ ይለጥፉ፣ ከሥሩም «ሪሴት አይነካ» ብለው ያክሉበት።