መልስ፦ ለአንድ ሴሚስተር ውጭ ልማር ነው፣ ከምን ልጀምር?

ሻንጣውን ለጊዜው ተወው። «ከምን ልጀምር?» ላልከው፣ ከኮርሶቹ ጀምር። የምትሄደው አውሮፓ ከሆነ የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ጭነት 30 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ መለኪያ) ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ብቻ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው፤ ቀልድ እንዳይመስልህ።

እኔ አራት ኮርስ መርጬ ሄድኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ተጋጩ፤ ሁለቱም ማክሰኞ ጠዋት፣ በተመሳሳይ ሰዓት። መቀየሩ ቀላል ነበር። የከበደኝ የራሴ ዲፓርትመንት አዲሱን ኮርስ ይቁጠርልኝ አይቁጠርልኝ ማወቁ ነው። መልሱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። አንተ ከወዲሁ ሁለት ሦስት መጠባበቂያ ኮርስ አስፈቅድ። ፈቃዱ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን። «ችግር የለውም» ያለህ አስተባባሪ ስትመለስ ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል። የየኮርሱን ሲላበስም (የይዘቱን ዝርዝር) አውርደህ አስቀምጥ፤ ኋላ ይጠይቁሃል።

ቪዛ ላይ አትዘናጋ። የሼንገን (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሱ የአውሮፓ አገሮች) የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም፤ ለሴሚስተር አይበቃም። የምትጠይቀው የምትማርበትን አገር የረጅም ጊዜ ቪዛ ነው። የቅበላ ደብዳቤው እንደደረሰህ ቀጠሮ ያዝ፣ የፓስፖርትህንም ማብቂያ ቀን እይ።

ማደሪያ? መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲው ዶርም አመልክት። ቤቱን ሳታይ፣ በፎቶ ብቻ ለማታውቀው ሰው ቀብድ እንዳትልክ። የምትወስደው መድኃኒት ካለ ማዘዣውን ከእጅ ሻንጣህ አትለየው። ልብስ እንደሆነ እዚያም አይጠፋም።